ሁለተኛዋ ተጫዋች

በኅዳር ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት፣ የይማም ሰይድ የጌም ማሽን አፕዴት እያደረገ ሳለ ሰባ አንድ በመቶ ላይ ቆመ።

ይማም ያየው ሱብሂ ሰግዶ፣ ሻይ ጥዶ፣ የሚስቱን የሸምሲያን ፊት አጣጥቦ ሶፋው ላይ ካስቀመጣት በኋላ ነው። ሰማያዊው መስመር ሰባ አንድ ላይ ደርሶ ብዙ ደቂቃ ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያ ጠፋና በምትኩ ጽሑፍ መጣ፦ «ማዘመን አልተሳካም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ከሥሩ በቀይ ቀለም ሌላ መስመር ነበር፦ «ያልተጫወቱበት ቀን፦ 1»።

ይህ ቁጥር ሰባት ሲሞላ ሰው ይመጣል። ይህን የማያውቅ በሕንፃው ውስጥ አልነበረም።

በደሴም ሆነ በሌላው ከተማ፣ ዕድሜው ከስልሳ አምስት ያለፈና በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይጫወታል። ደንቡ የወጣ ሰሞን ብዙ ተወርቶበት ነበር፤ አሁን ግን እንደ ጥርስ መፋቅ ሆኗል። ማሽኑን የቤት ኑሮ ማረጋገጫ ኤጀንሲ በነጻ ይሰጣል፤ ሰዉ ኤጀንሲውን «ማረጋገጫ» እያለ ነው የሚጠራው። ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ አንድ ነው፤ ገበያ ይባላል። አንዲት ለስላሳ ድምፅ የሚገዙ አራት ነገሮችን ትናገራለች። ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ይዞ በመደቦቹ መሀል ይዞራል፤ የተባለውን በቅደም ተከተል ያነሣል፤ ዘንቢሉን ሳይደፋ በቦይ ላይ የተጋደመ ጣውላ ይሻገራል። ሃያ ደቂቃ ነው። አርባና ከዚያ በላይ ያመጣ ቤቱ ይኖራል። የሳምንቱ አማካይ ነጥቡ ከአርባ በታች የሆነ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ይሄዳል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩት ጋሽ ወርቅነህ ባለፈው ሐምሌ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ማረፊያ ተወስደዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ ግን ሃምሳ ሁለት ስላመጡ ቤታቸው ቀሩ። መጀመሪያ ላይ በየእሑዱ አውቶቡስ ይዘው እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ጉልበታቸውን ሲያማቸው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ማንም አልበደላቸውም። ሁሉም ሰው በትሕትና ነበር ያናገራቸው።

ሸምሲያ ከተጫወተች ዓመት አልፏታል።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ገበያው መሀል ቆማ «ይሄ የት ነው?» ብላ ጠየቀች። ይማም ነገራት። ደግማ ጠየቀች። በሦስተኛው ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንባዋ መውረድ ጀመረ። ይማም ከእጇ ወስዶ ጨረሰላት። በማግስቱም ጨረሰላት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ማሽኑ «ስምዎን ይናገሩ» ሲል ሸምሲያ ስሟን ትናገራለች፤ ስሟን ገና አልረሳችም። «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ሸምሲያ» ይላል ማሽኑ። ጆይስቲኩን የሚይዘው ይማም ነው።

ለእሱ ከባዱ መጫወቱ አልነበረም፤ እንደ እሷ መጫወቱ ነው። ወጣት ሳለ ፒያሳ ጀርባ አራት ቴሌቪዥን የደረደረበት ጌም ቤት ነበረው። ሸምሲያንም ያገኛት እዚያ ነው፤ ወንድሟን ልትጠራ መጥታ ቆማ ቀረች። እጁ የለመደ ሰው ነው። ስለዚህ ለእሷ ሲጫወት ይዘገያል፤ ከአንዱ መደብ ፊት ቆሞ እንደሚያስብ ሰው ይቆያል፤ ሳሙና ሊያነሣ ሻማ ያነሣና ይመልሳል። አርባ አራት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ሦስት። ከአርባ ስምንት አሳልፎ አያውቅም። የራሱ ተራ ሲደርስ ትከሻው ዝሎ ነው የሚቀመጠው።

ማክሰኞ ዕለት የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ማሽኑን ነቅሎ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና መልሶ ሰካው። የኔትወርኩን ገመድ ለወጠ። ክዳኑን ፈትቶ ማራገቢያውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፤ የሚወጣው አቧራ ሸምሲያን አስነጠሳት። አፕዴቱን እንደገና አስጀመረ። ሰባ አንድ።

«ተበላሸ?» አለች ሸምሲያ።

«ይሠራል። አብሽሪ።»

ረቡዕ ጠዋት ቦታ ጠቦት ይሆናል ብሎ ያስቀመጣቸውን የድሮ የኳስ ግጥሚያዎች ደመሰሰ። ልጁ ሂክማ ከባሏ ጋር ወደ ሰመራ ከመሄዷ በፊት የተጫወቱትም እዚያ ውስጥ ነበር። አፕዴቱ ሰባ አንድ ደርሶ ቆመ። ቀዩ ቁጥር ሁለት ሆነ።

የሌላ ሰው ማሽን እንዴት እንዳለፈ ለማየት ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ወይዘሮ ብርቄ በሩን ከፍተው «የኔ እንኳ ሌሊቱን ራሱ ሠርቶ አደረ» አሉት። ጆይስቲኩን አምጥተው ሰጡት። ሞቅ ይላል፤ እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው።

«አሁን ስም አይጠይቅም» አሉ። «ገና ስትይዘው መዳፍህን አንብቦ ያውቅሃል። እኔማ ስም መናገሩ ነበር ደስ የሚለኝ። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን የሚጠራኝ ነበር።»

ይማም ጆይስቲኩን ቶሎ መለሰላቸው። አመስግኖ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል። ማሽኑ ካልተሠራ በአምስት ቀን ውስጥ ሰው ይመጣል። ከተሠራ ደግሞ ሸምሲያ ራሷ መያዝ አለባት፤ ያኔም ሰው ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠግነው የዋለው የገዛ ጉዱን ነው። ትንሽ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ወረደ፤ ሸምሲያ ብቻዋን ስትቆይ በሩን ትከፍታለችና።

ሐሙስ ወደ ጥገና መስመሩ ደወለ። «በተራ ቁጥር አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለት ላይ ነዎት» አለው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ዓይነት የክራር ዜማ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ምሳ አበላት፤ ልብሷን ቀየረላት፤ ዜማው አልቆመም።

«ማን ነው የሚደውለው?» ትለዋለች በየመሀሉ።

«እኛ ነን የምንደውለው።»

«ለማን?»

«ለማሽኑ ባለቤቶች።»

ማምሻውን ተራው እንደተያዘ ይቆያል የሚል መልእክት መጣለትና ተኙ። ዓርብ ረፋድ ላይ ዜማው በድንገት ተቋረጠ፤ የሰው ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ኖላዊት እባላለሁ፤ ምን ልርዳዎት?»

ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን እንቅልፍ ያገኘ ሰው አይመስልም። ከጀርባዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይንጫጫል፤ ከቤቷ ነው የምትሠራው።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ማሽኑ አፕዴት አልቀበልም አለ። ሰባ አንድ ላይ ይቆማል።»

«ነቅለው መልሰው ሰክተውታል?»

«ነቅያለሁ። ገመድ ቀይሬያለሁ፤ ቦታ አስለቅቄያለሁ፤ ማራገቢያውንም ጠርጌያለሁ።»

«ሙያዎት ነው እንዴ?»

«ድሮ ጌም ቤት ነበረኝ።»

«እንግዲያው ዛሬ አረፍኩ» አለች፤ ሳትስቅ። «ስምዎን ማን ልበል?»

«ይማም።»

«ጋሽ ይማም፣ የኃይል ቁልፉንና ጎኑ ላይ ያለውን ትንሿን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫኑልኝ። ሁለት ጊዜ እስኪጮኽ አይልቀቁ።»

ተጫነ። ሁለት ጊዜ ጮኸ። በጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ መስመሮች ተደረደሩ።

«እስከ ታች ይውረዱና ቀይ የሆነውን ያንብቡልኝ።»

ይማም መነጽሩን አጠለቀ። «የመዳፍ መዝገብ» ብሎ አነበበ። «ተጫዋች አንድ፣ ተገኝቷል። ተጫዋች ሁለት...» እዚያ ላይ ቆመ።

«ተጫዋች ሁለት ምን ይላል?»

ሸምሲያ አጠገቡ ሆና ፎጣ ታጥፋለች፤ አጥፋ ትጨርስና ትዘረጋዋለች፤ እንደገና ታጥፈዋለች።

«ከተጫዋች አንድ ጋር አንድ ነው፤ መለየት አልተቻለም፤ ይላል።»

ኖላዊት ስትጽፍበት የነበረው ኪቦርድ ዝም አለ። ማጠቢያው ብቻ ይሰማል።

«የድሮውም መዳፍ ያነብ ነበር እንዴ?» አለ ይማም።

«ይመዘግብ ነበር። የሚያየው ሰው ነው ያልነበረው። አዲሱ ማየት ሲጀምር ለሁለት ሰው አንድ እጅ አገኘና ግራ ገባው። የቆመው ለዚህ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሽ ይማም?»

«ካለፈው ዓመት ጥቅምት።»

ይህን ሰዓት ዓመት ሙሉ ሲፈራው ኖሯል። ሲደርስ ፍርሃቱ አልቆ ነበር። የቀረው ድካሙ ብቻ ነው።

«ባለቤትዎ አሉ?»

«አጠገቤ ናት።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ትበላለች፤ ትስቃለች። ገበያውን ነው የማታውቀው።»

ኖላዊት ማጠቢያውን ልታጠፋ ተነሣች መሰለኝ አለ በልቡ፤ ጩኸቱ ቆመና ድምፅዋ ጠርቶ ተሰማ።

«ሁለት ነገር ማድረግ እችላለሁ። አንደኛው ያነበቡልኝን እንዳለ ለበላዮቼ መላክ ነው። ሁለተኛው የተጫዋች ሁለትን መዝገብ አጥፍቼ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ነበር ብዬ መጻፍ ነው። በቀን ሠላሳ ጊዜ የምጽፈው ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። አፕዴቱ ያልፋል፤ ያለፈውንም ማንም አያነሣውም። ግን ከነገ ጀምሮ ጆይስቲኩን ባለቤትዎ ራሳቸው ይይዛሉ።»

«አርባ አታመጣም።»

«ገብቶኛል።»

«ሐይቅ ነው የሚወስዷት?»

«ከደሴ የሚሄዱት ወደ ሐይቅ ነው። የሴቶች ክፍል አለው። ቦታው መጥፎ አይደለም ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ካለፉ ቤትዎ ይኖራሉ።»

ይማም ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ሸምሲያ እንዳትሰማ ብሎ ይሁን ከልምድ፣ እሱም አላወቀውም።

«ካላለፍኩስ?»

«እኔ የማስተካክለው ማሽን ነው፣ ጋሽ ይማም» አለች ኖላዊት። ይማም ጠበቃት። «ደንቡ ግን ገጹ ላይ አለ። ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ከአርባ በታች ከሆኑ አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል። ሰው አያነበውም እንጂ ተጽፏል። የነገርኩዎት ስለጠየቁኝ ነው።»

«ጠይቄሽ ነው» አለ ይማም። «አጥፊው።»

አጠፋችው። አፕዴቱ ሰባ አንድን አለፈ፤ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ። ማሽኑ አዲስ ዜማ አሰማ። ኖላዊት ሌላ የምትረዳው ነገር እንዳለ ጠየቀችው፤ መጠየቅ ስላለባት ነው። የለም አላት። ስልኩ ሲዘጋ ለአገልግሎቱ ከአምስት ስንት እንደሚሰጥ የሚጠይቅ መልእክት ደረሰው። አምስት ሰጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸምሲያን ሶፋው ላይ አስቀመጠና ጆይስቲኩን እጇ ላይ አደረገላት። በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው።

«ይሞቃል» አለች።

ድምፀ ለስላሳዋ ሴት ጀመረች፦ «ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት።» ይማም እጁ ለመቀማት እንዳይዘረጋ ጉልበቶቹ መሀል ቀበረው። የመጀመሪያው ባለመደብ «ምን ልስጥዎት እናቴ?» ሲል ሸምሲያ ፊቷ በራ። እንዴት አደርክ አለችው። ልጆቹን ጠየቀችው፤ እናቱን ጠየቀችው፤ ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው አለችው። ባለመደቡ በፈገግታ ቆሞ ጠበቃት፤ ከእሱ የሚጠበቅ መልስ አልነበረም። ሃያው ደቂቃ እዚያው አለቀ። አሥራ አንድ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለች ለይማም።

ቀጥሎ እሱ ተቀመጠ። ማሽኑ መዳፉን አነበበና ገበያውን ከፈተለት። ዓመት ሙሉ እንደ ሸምሲያ ሆኖ ሲጫወት ስለኖረ ምን ማድረግ እንዳለበት አላሰበም፤ ከመደቡ ፊት ቆየ፤ ሳሙናውን ትቶ ሻማ አነሣ፤ ጣውላው ላይ ዘንቢሉን አዘነበለ። ትንሽ ብቻ ነበር ዝቅ ማለት የነበረበት። ሠላሳ ሰባት። ማሽኑ ቁጥሩን አሳይቶ «መልካም ቀን» አለ። ይማም አንድ ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ ጥያቄ ወይም ጥርጣሬ። ምንም አልመጣም።

እሑድ ሠላሳ አምስት አመጣ። ሰኞ ሠላሳ ስድስት። ማክሰኞ ሂክማ ከሰመራ ደውላ «አባዬ፣ ነጥብህ ወርዷል የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ ምን ሆነህ ነው?» አለችው። እነ ሂክማ ሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ሆነው ነው የሚኖሩት። እናንተን ላምጣችሁ ልትል ፈልጋ እንዳልቻለች ከዝምታዋ አወቀ።

«አፕዴቱ ነው፣ ልጄ። አዲስ ስለሆነ ነው።»

«ተናገርክ ለጥገናዎቹ?»

«ተናግሬያለሁ። ጥሩ ልጅ ናት የረዳችኝ።»

ረቡዕም እንደዚያው አለፈ። በአምስት ቀን ያመጣው ነጥብ ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ አንድ ቀን ከፍ ቢል የሳምንቱን ውጤት እንደማይቀይረው አስልቷል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ራሱን ሆኖ ሊጫወት ወሰነ። ቤቱን ከመልቀቁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንንም ሳይመስል። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ፤ መነጽሩን ጠረገ፤ ጀርባውን አቃንቶ ተቀመጠ።

«ቃሪያ፣ ሻማ፣ ስኳር፣ መርፌ።»

ቃሪያውን አነሣ። ሻማውን አነሣ። ስኳሩን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ባለስኳሩ መደብ ዓይኑ ፊት ነበር። ከዚያ አራተኛውን ሊያነሣ ሲል አራተኛው አልነበረም። ገበያው መሀል ቆመ። ሰዎቹ በአጠገቡ ያልፋሉ። ክር ነው? ክር አልነበረም። ወደ ክር የሚጠጋ ነገር ነው። ሰዓቱ ሲያልቅበት ክሩን ይዞ ወደ ጣውላው ሮጠ፤ እግሩ ስቶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ወጣና ደግሞ ገባ።

ሠላሳ ስምንት።

ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየው። አዲሱ አፕዴት ከድሮው ይከብድ ይሆናል። ዓመት ሙሉ ዘግይቶ የተጫወተ እጅ መዘግየቱን ለምዶት ይሆናል። ወይም ደግሞ ሌላው ነገር ነው። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ጥገናዎቹ ነቅለህ መልሰህ ሰክተሃል ወይ ነው የሚሉት። አምስት ቀን ሙሉ ዝቅ ለማለት የለፋውን አስታወሰና ሳቅ እንኳ አልመጣለትም። ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

ዓርብ ምንም ሳይጨነቅ ተጫወተ፤ ያመጣውንም አላየም።

ወረቀቱ ቅዳሜ መጣ። ሁለት ስም፣ አንድ ክፍል። ሰኞ መኪና ይልካሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሻንጣ። ማሽኑ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ሰው። ይማም እሑድ ልብሶቻቸውን ሲያጥፍ ዋለ፤ ሸምሲያ ከጎኑ ሆና የታጠፈውን ዘረጋች፤ እሱም መልሶ አጠፈው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ብርቄ ደረጃውን በዝግታ ወርደው ሊሰናበቱ መጡ። ሸምሲያን ሳሟት፤ ማን እንደሆኑ አልጠየቀቻቸውም፤ አጥብቃ አቀፈቻቸው።

«አብራችሁ ናችሁ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«አብረን ነን።»

«አንድ ክፍል?»

«አንድ ክፍል።»

«እንዴት ሆኖ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ይማም ስለ ደንቡ፣ ገጹ ላይ ስለ ተጻፈው ሊነግራቸው አሰበ። ከዚያ ጋሽ ወርቅነህ የተወሰዱበትን ሐምሌን አሰበና እሱም ተወው። ወይዘሮ ብርቄ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወደ ላይ ተመለሱ።

መኪናው ነጭ ነበር፤ ንጹሕ ነው፤ መቀመጫው ሰፊ ነው። የማረጋገጫው ሠራተኛ ጸጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ ወጣት ነው። ሻንጣዎቹን ራሱ ጫነ፤ የሸምሲያን ቀበቶ አስሮ «አይጠብቅዎትም?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ከፊት ወንበር ዞሮ ታብሌቱን ከፈተ።

«አንድ ክፍል ለሚገቡ የምንሞላት ቅጽ አለች» አለ። «ከሁለታችሁ ማን ማንን ነው የሚረዳው?»

ይማም ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች ሸምሲያ። «እሱ ቶሎ ይደክመዋል።»

ወጣቱ ይማምን አየው። ይማም የሸምሲያን እጅ ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር፤ አላረማትም። ወጣቱ ጻፈ፤ መኪናውም ተነሣ።